የኤቲኤም ካርድ ሌብነት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ፎቶ ኮፒ እሠራለሁ፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ እሸጣለሁ። ከሱቄ ጎን ኤቲኤም ማሽን ቆሟል። ካርዱ የተዋጠበትም፣ ብሩ የተበላበትም ሰው መጀመሪያ የሚገባው እኔ ጋ ነው። የባንክ ሠራተኛ አይደለሁም። ግን ያንኑ ጥያቄ ለዓመታት ስመልስ ኖሬያለሁ፣ የገዛ አክስቴም ተበልታለች። ሰው ሲያለቅስ ማየት ስለሰለቸኝ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን ከነመልሱ ጻፍኩት።

ብር ወጣ የሚል ሜሴጅ መጣልኝ፤ እኔ ግን አላወጣሁም። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ካርዱን አሳግዱ። ከዚህ የሚቀድም ምንም ነገር የለም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ለልጁ ይደውላል። ቀጥሎ ለወንድሙ። ከዚያ ሰው አስከትሎ ወደ ቅርንጫፉ ያመራል። እስከዚያ ሌባው የቀረውን ይጨርሰዋል። ኤቲኤም የቀን የማውጫ ገደብ አለው። ይህን ሌባውም ያውቃል። ማታ ገደቡ እስኪሞላ ያወጣና ቀኑ ሲቀየር ይመለሳል። ስለዚህ «ማታ ነው፣ ነገ ጠዋት ባንክ እሄዳለሁ» የሚባል ነገር የለም።

የንግድ ባንክ ደንበኞች 951 ላይ ደውሉ። የሌሎቹ ባንኮች አጭር ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ካርዱ ሲጠፋ ግን ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል። አሁኑኑ ካርዳችሁን ገልብጡና ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ስልኩም አብሮ ሊሰረቅ ስለሚችል የቤት ሰው ስልክ ላይም ይኑር። የተነካው ቴሌብር ከሆነ የሚደወለው 127 ነው።

ካርዱ ከታገደ በኋላ ወደ ቅርንጫፍ ሂዱ። በቃል ተናግራችሁ አትመለሱ። ማመልከቻ ጻፉ፦ ስንት ብር፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ማሽን እንደወጣ ይግለጽ። ኮፒው ላይ «ተቀብያለሁ» የሚል ፊርማና ማህተም አስደርጉ። የሂሳብ ስቴትመንት ጠይቁ። ሜሴጁን አታጥፉት። የማሽኑ ካሜራ ቀረጻ ተይዞ እንዲቆይም እዚያው ማመልከቻ ላይ በጽሑፍ ጠይቁ። ቀረጻ ለዘላለም አይቀመጥም፤ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል። ወር ቆይቶ ካሜራ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል።

«ልርዳዎት» ብሎ የሚጠጋው ሰው ካርዱን የሚቀይረው እንዴት ነው?

ይህን በአክስቴ ላይ በደረሰው ነገር ልንገራችሁ።

ልጇ ሳዑዲ ናት። የላከችላት ብር ገብቶ ስለነበር አክስቴ ሰኞ ገበያ ከመውጣቷ በፊት ልታወጣ ሄደች። ካርዱን በወረቀት ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ትይዘዋለች። ወረቀቱ ላይ ሚስጥር ቁጥሩ ተጽፏል። ማሽኑ ጋ ስትቸገር አንድ ልብሱ ንጹህ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ተጠጋት። «እማማ፣ አስቸገረዎት? ይስጡኝማ እኔ ላውጣልዎት» አላት። እሷም መርቃው ካርዱን ከነወረቀቱ ሰጠችው። አስገባ፣ ነካካ፣ ካርዱን አወጣ። «ኔትወርክ የለም፣ ከሰዓት ይመለሱ» ብሎ መለሰላት። በትህትና ተሰናብቷት ሄደ።

ከሁለት ቀን በኋላ እኔ ጋ መጣች። «ካርዴ አልሠራ አለኝ» ብላ ከመቀነቷ አውጥታ ሰጠችኝ። ካርዱ የባንኳ ነው። ቀለሙም ያው ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው ግን የወንድ ስም ነው። አክስቴ የእንግሊዝኛ ፊደል አታነብም። ካርድ ሁሉ ለሷ አንድ ነው። ያ ልጅ ደግሞ ይህን አስቀድሞ ያውቃል። ኪሱ ውስጥ ከሌላ ሰው የወሰደው ካርድ ተዘጋጅቶ ነበር። የሷን በዚያ ለውጦ፣ ወረቀቱ ላይ ባየው ቁጥር ሌላ ማሽን ሄዶ አወጣ።

ደግ ሰውን መጠርጠር ያስከፋል። ወሎ ውስጥ ትልቅ ሰው ሲቸገር ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፣ እርዳታ እምቢ ማለትም እንደ ንቀት ይቆጠራል። ሌባው የሚገባው በዚህ በር ነው። እኔ አሁን ለእናቶች የምላቸው ይህን ነው፦ እርዳታ ካስፈለገዎት የባንኩን በር አልፈው ይግቡና የደንብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ይጥሩ። ባንኩ ዝግ ከሆነ ነገ ያውጡ። የሚረዳዎት ሰው በአፉ ይንገርዎት፤ ካርዱን ማስገባትም ቁልፉን መንካትም የእርስዎ እጅ ሥራ ይሁን።

አንድ ትንሽ ዘዴ ደግሞ አለች። የካርዱ የፊት ጥግ ላይ፣ ቺፑ ከሌለበት በኩል፣ በጥፍር ቀለም አንዲት ቀጭን ነጥብ አድርጉ። ተለጣፊ ወረቀት አትለጥፉ፣ ማሽኑ ውስጥ ይቀረቀራል። የአክስቴ አዲሱ ካርድ ላይ ቀይ ነጥብ አለች። ፊደል ባታነብም ነጥቧን ታውቃታለች። ካርዱ ከማሽኑ በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የምታየው እሷን ነው።

ማሽኑ ካርዴን ዋጠው። ሌባ ነው ወይስ ብልሽት?

አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት ነው፤ አብሽሩ። ሚስጥር ቁጥር ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ፣ ካርዱን ቶሎ ካልመዘዛችሁት፣ ወይም መሀል ላይ መብራት ከሄደ ማሽኑ ካርዱን ሊያስቀር ይችላል።

ግን የሌባም መንገድ አለ። ካርድ ማስገቢያው ውስጥ ቀጭን ፕላስቲክ ይደብቃሉ። ካርዱ ይገባና አይመለስም። ወዲያው አንድ ሰው ከኋላ መጥቶ «እኔንም እንዲህ አድርጎኝ ነበር፣ ቁጥሩን ደግመሽ ጻፊና ቀዩን ተጫኚ» ይላል። ስትጽፊ ያያል። ተስፋ ቆርጠሽ ስትሄጂ ፕላስቲኩን ስቦ ካርዱን ያወጣዋል።

ስለዚህ ካርዱ ሲቀር ከማሽኑ አትራቁ። እዚያው ቆማችሁ ደውሉና አሳግዱ። ጥበቃውን ጥሩ። ቁጥሩን ደግማችሁ አትጻፉ።

ብር ሳይወጣልኝ ከሂሳቤ ተቀነሰ። ተሰረቅሁ?

ይህ ሱቄ በር ላይ በሳምንት ብዙ ጊዜ የሚሰማ ጩኸት ነው። ሌብነት የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ማሽኑ ሂሳቡን ቀንሶ ብሩን ሳይሰጥ ኔትወርኩ ወይም መብራቱ ተቋርጦበት ነው። ብዙ ጊዜ ብሩ ራሱ ይመለሳል። ካልተመለሰ ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ ጋ አመልክቱ። ማሽኑ የሌላ ባንክ ቢሆንም የምትሄዱት ወደ ራሳችሁ ባንክ ነው። የባንኮቹን ማሽኖች እርስ በርስ የሚያገናኛቸው ኢትስዊች ስለሆነ ጉዳዩን ተነጋግረው የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። የማሽኑ ብር ሲቆጠር ለእናንተ ያልወጣው ብር ትርፍ ሆኖ ይገኛል። ማስረጃችሁ እሱ ነው። ደረሰኝ ከወጣ አትጣሉት።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን ብር መውጫውን በጣታችሁ ዳብሱት። ብሩ እንዳይወጣ ማጣበቂያ ወይም ፕላስቲክ ለጥፈውበት፣ እናንተ ስትሄዱ የሚለቅሙ አሉ።

ከባንክ ነው የምንደውለው አሉኝ። ስሜንም ያውቃሉ። እውነት ሊሆን አይችልም?

ስማችሁን ማወቅ ማስረጃ አይደለም። ስምና ስልክ ቁጥር ከብዙ ቦታ ይገኛል፤ ገንዘብ ላክልኝ ብላችሁ የለጠፋችሁት የሂሳብ ቁጥር ራሱ ስም ያሳያል።

ወሬያቸው ይቀያየራል። አንዱ «ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው» ይላል። ሌላው «ዕጣ ደርሶዎታል»። «ከዓረብ አገር ገንዘብ ተልኮልዎት ታግዷል» የሚለው እኛ ጋ ልብ ያሸፍታል፤ ልጁን ያልላከ ቤት ጥቂት ነውና። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ «ፋይዳዎን ከሂሳብዎ ጋር ላገናኝልዎት» መጥቷል። የሁሉም መጨረሻ ግን አንድ ነው፦ «አሁን ስልክዎ ላይ ቁጥር ይገባል፣ ያንብቡልኝ»።

ያ ቁጥር ፊርማችሁ ማለት ነው። ባንክ ፊርማችሁን በስልክ አይለምንም። ሚስጥር ቁጥርንም ቢሆን ሥራ አስኪያጁ እንኳ የመጠየቅ መብት የለውም፣ ለሥራውም አያስፈልገውም።

የምትለዩበት ሌላ ምልክት «ስልኩን እንዳይዘጉት» የሚለው ቃል ነው። ከዘጋችሁ ታስባላችሁ። ካሰባችሁ ትነቃላችሁ። በሰው ጆሮ ላይ ስልክ መዝጋት የሚከብዳቸው ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ አባቴ አንዱ ነው። ስድብ ይመስለዋል። ለሱ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠናሁት፦ «ልጄ፣ ቅርንጫፍ መጥቼ እጨርሳለሁ፣ ደህና ሁን»። እንዲህ ብሎ ይዘጋል። ማንንም አልሰደበም።

ካርዱን ከነቁጥሩ ለልጄ ወይም ለጎረቤቴ ብሰጥ ምን አለበት?

ባንኩ ፊት ጥፋቱ የእናንተ ይሆናል። ሚስጥር ቁጥሩን የመጠበቅ ኃላፊነት የካርዱ ባለቤት ነው፤ ካርዱን ስትወስዱ የፈረማችሁት ውል ላይ ተጽፏል። «ለጎረቤቴ ሰጥቼ ነበር» ካላችሁ ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ኑሮ ግን ሌላ ነው፣ ይገባኛል። ከኩታበር ወይም ከተንታ የሚመጡ እናት ለአንድ ሺህ ብር ደሴ ድረስ አይመላለሱም። ለዚህ የምመክረው ሁለት ሂሳብ መክፈትን ነው። ልጅ የላከው ገንዘብ፣ የእህል ሽያጩ፣ የዕቁቡ ብር ካርድ በሌለው ደብተር ላይ ይቀመጥ። ካርድ ያለው ሂሳብ ላይ የሳምንት ወጪ ብቻ ይኑር። ካርዱ ቢሰረቅ የሚሄደው የሳምንት ወጪ ነው። ከሁሉም ምክሬ በላይ ሰው ሲያደርገው ደስ የሚለኝ ይህ ነው። የአክስቴ ብር ሁሉ አንድ ሂሳብ ላይ ባይሆን ኖሮ ያን ቀን ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመችው አይሄድም ነበር።

ኮምቦልቻ ነው የምሠራው። ደሞዝ ቀን ሰልፉ አይቻልም። አንዷ ለሁላችን ብታወጣልንስ?

ይህን የጠየቁኝ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች ናቸው። አንድ ቤት የተከራዩ ስድስት ሴቶች ካርዳቸውን ለአንዷ ይሰጣሉ። እሷም የስድስቱን ቁጥር ስልኳ ላይ በስም በስም ጽፋ ትይዛለች። ጓደኝነታቸው ያስቀናል። ግን ያ ስልክ ቢጠፋ የስድስት ሰው ደሞዝ ነው። ከስድስቱ አንዷ ብር ቢጎድላት ደግሞ ያ ሁሉ ጓደኝነት በጥርጣሬ ይበላሻል። እውነተኛው ሌባ ሌላ ሆኖ ሳለ ልጅቷ ስሟ ሲጠፋ አይቻለሁ።

በደሞዝ ማግስት ጠዋት አውጡ። አብራችሁ ሂዱ፣ በየተራ ግቡ፣ ሌሎቻችሁ ከኋላ ቁሙ። ሰልፉ ላይ ትከሻ ለትከሻ የተጠጋችሁን ሰው «ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ካርዴ ኪሴ ውስጥ ነው። ብሩ እንዴት ሄደ?

ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ካርዱን መቅዳት ነው። ካርዱ ጀርባ ያለው ጥቁር ጭረት መረጃውን ሁልጊዜ ያንኑ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ ማስገቢያው ላይ በተለጠፈ ሐሰተኛ ማንበቢያ ሊቀዳ ይችላል። ፊት ለፊት ያለችው ወርቃማ ቺፕ ግን ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ ኮድ ስለምትሠራ መቅዳቷ ከባድ ነው። ቺፕ የሌለው አሮጌ ካርድ ካላችሁ አስቀይሩ። ማስገቢያው ከተነቃነቀ ወይም ቀለሙ ከቀረው የማሽኑ አካል ከተለየ ካርዳችሁን አታስገቡ።

ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ሆኖ ኢንተርኔት ላይ የሚከፍል ካርድ ከሆነ ፊት ለፊት ያለው ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀንና ጀርባው ላይ ያሉት ሦስት ቁጥሮች ብቻ ሊበቁ ይችላሉ። ሆቴል ስትከፍሉ አስተናጋጁ ካርዱን ይዞ ከዓይናችሁ አይሰወር። ፖስ የሚባለው የካርድ መክፈያ ማሽን ወደ እናንተ ይምጣ፣ ወይም እናንተ ወደ ማሽኑ ሂዱ።

ሦስተኛው ካርድ ጭራሽ አይነካም፤ የሚነካው ስልኩ ነው። በሞባይል ባንኪንግ ያስተላልፉታል። ቤት ተቀምጣችሁ ሲማችሁ ድንገት ኔትወርክ ካጣና የጎረቤት ስልክ ከሠራ አትጠብቁ። በሌላ ስልክ 994 ደውላችሁ ሲሙ በሌላ ሰው እጅ ዳግም አለመውጣቱን ጠይቁ፣ ባንኩንም አሳውቁ።

ደንበኛ ከፍያለሁ ብሎ ስክሪንሹት አሳየኝ። ልመነው?

አትመኑት። ይህ ከካርድ ወጣ ያለ ቢሆንም ነጋዴ ሁሉ ይጠይቀኛል፣ እኔም የጆሮ ማዳመጫ ከፍዬበታለሁ። ስክሪንሹቱ ላይ ስሜም ሂሳብ ቁጥሬም ነበር፣ ብሩ ግን አልገባም። የከፋዩን ስልክ ሳይሆን የራሳችሁን ሂሳብ እዩ። ሜሴጅ መጣ ብላችሁም አትቸኩሉ፤ የባንክ ሜሴጅ በባንኩ ስም ነው የሚገባው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር የግለሰብ ቁጥር የመጣ «ገቢ ሆኖልዎታል» ውሸት ነው።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ክሬዲት ካርዱ ተጠልፎ ባንኩ መለሰለት። እኔ ለምን አይመለስልኝም?

የሱ ካርድ ክሬዲት ነው። የተወሰደው የባንኩ ገንዘብ ነው፣ በአሜሪካ ሕግም በክሬዲት ካርድ ስርቆት ባለቤቱ ላይ ሊመጣ የሚችለው ኃላፊነት ቢበዛ 50 ዶላር ነው። እዚያም ቢሆን ዴቢት ካርድ ይለያል። ካወቀ በኋላ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካሳወቀ 50 ዶላር፣ ከዘገየ እስከ 500 ዶላር፣ የሂሳብ ስቴትመንቱ ከተላከለት ከ60 ቀን በላይ ዝም ካለ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የወጣውን ሁሉ ሊያጣ ይችላል።

እኛ ኤቲኤም ካርድ የምንለው ዴቢት ነው። የሚወጣው የራሳችን ብር ነው። በትክክለኛው ሚስጥር ቁጥር ከወጣ ባንኩ «ሌባው ቁጥሩን ያወቀው በእርስዎ ጥፋት ነው» ብሎ ይከራከራል። ካሳወቃችሁ በኋላ የወጣ ብር ከሆነ ግን ክርክሩ ወደ እናንተ ያደላል። ስለዚህ ካርዱን ለማሳገድ የደወላችሁበትን ሰዓት ጻፉ።

የባንኩ መልስ ካላረካችሁ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁና ቅሬታውን ወደ ብሔራዊ ባንክ ውሰዱት። ለፖሊስም አመልክቱ። «የማሽን ነገር ነው፣ ከባንክህ ጋር ተነጋገር» ቢሏችሁ አትመለሱ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ በኮምፒዩተር ሥርዓት ማታለል በሱ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

ማሽኑ ከጠየቅሁት በላይ ቢሰጠኝስ?

መልሱ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች ካላቸው ብር በላይ ሲያወጡ ያደሩበትን ሌሊት ታስታውሳላችሁ። እያንዳንዱ ወጪ ተመዝግቦ ነበር። ያልመለሱትን ባንኩ በስምና በፎቶ አወጣቸው።

ምን ዓይነት ሚስጥር ቁጥር ልምረጥ?

1234፣ 0000፣ የተወለዳችሁበት ዓመትና የስልካችሁ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አይሁኑ። ባንኩ የሰጣችሁን የመጀመሪያ ቁጥር ቀይሩ። ስትጽፉ በሌላው እጃችሁ ከልሉ። በደሴ ብርድ ጋቢ የለበሰ ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ የጋቢውን ጫፍ በቁልፎቹ ላይ ጣል ያድርገው። ከላይ የተደበቀ ካሜራ ቢኖር እንኳ የሚያየው ጋቢ ነው።

የሰው ካርድ ወድቆ አገኘሁ። ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ልልቀቀው?

በጎ ልብ ነው፣ ግን እንደዚያ አታድርጉት። ፎቶው ላይ ሙሉ ቁጥሩ ይታያል። ደግሞም «የኔ ነው» ብሎ የሚመጣው ሰው ባለቤቱ ላይሆን ይችላል። የባንኩ ስም ካርዱ ላይ ስላለ የትኛውም ቅርንጫፍ ገብታችሁ ለሠራተኛ አስረክቡ። ቅርንጫፉ ዝግ ከሆነ ወደ አጭር ቁጥሩ ደውሉ፣ ባለቤቱን ፈልገው ያሳውቁታል። ግድ መለጠፍ ካለባችሁ «በእገሌ ስም የወጣ ካርድ እገሌ ቅርንጫፍ አስረክቤያለሁ» ብላችሁ በጽሑፍ ለጥፉ፤ ፎቶው ይቅር።